በሰያፍ

ጎህ ሳይቀድ ደረሰ የሌሊቱ መኪና፣
አምስት ካርቶን አራግፎ ሄደ በዚያው ጎዳና።
ጽጌረዳው ከሆለታ፣ በጋዜጣ ተሸፍኖ፣
የደጋ ጤዛ እንደያዘ፣ ግማሹ ገና ተጨፍኖ።
“ቶሎ!” ትላለች ነሲባ፣ “የድሬ ፀሐይ ይሉኝታ የላትም፤
ካራት ሰዓት ወዲያ፣ ቀይ ነው ነጭ ነው አትልም።”

ሱቋ ከዚራ ውስጥ፣ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ፣
ወንበር የለም፣ ባልዲ ብቻ፤ ባልዲው ሁሉ አበባ።
ድሮ ለስላሳ ያቀዘቅዝ የነበረ አንድ ፍሪጅ
ጥግ ይዞ ያጉረመርማል፣ እንደ ሽማግሌ ወዳጅ።

መጀመሪያ ያስተማረችኝ መቁረጥ ነው፣ መቁረጥ ብቻ፤
ሳምንት ሙሉ አገዳና ባልዲ፤ የታለ ሙሽራ፣ የታለ ጋብቻ?
“ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ባልዲው ሥር ተጣብቆ ይጠማል፤
በሰያፍ የተቆረጠ ግን አፉ ክፍት ነው፣ ይጠጣል።”

ስፖንጁን ውሃ ውስጥ ደፈቅኩት በመዳፌ፤
እጄን መታ አረገችኝ፣ ይቅርታ ሳይወጣ ካፌ።
“ተይው፣ በራሱ ጊዜ ይስመጥ፤
ተገፍቶ የጠጣ ስፖንጅ ደረቅ ነው ከውስጥ።”

የመጀመሪያ እቅፌን አዙራ አዙራ አየች፤
አሸተተች።
“ጥሩ ጎመን ነው” አለች።

ሽቦ መቁረጫ አልነበረኝም። ካልጋ ሥር ሳጥን አወጣሁ፣
የአባቴን ፒንሳ ከግራሶ ጨርቁ ፈታሁ፤
ሃያ ዘጠኝ ዓመት ምድር ባቡር ወርክሾፕ የሠራ፣
እጀታው ላይ የአውራ ጣቱ ጎድጎድ ያለ አሻራ።
እሱ የቦልት አንገት በያዘበት፣ እኔ የአበባ አንገት ያዝኩበት፤
እሱ የተቀበረ ለታ ደቻቱ ሞልቶ፣ መንገድ ተዘግቶ፣
አንዲት ዘለላ አልደረሰችለት።

አንድ ቀን ወፍራም ሽቦ አጥፌ፣ ጫፍና ጫፉን ገጠምኩ፤
“እነሆ የሙሽራ ቅስት!” ብዬ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ።
ነሲባ ፒንሳውን ተቀብላ ክቡን ካንድ ጎን ፈታችው፤
“የተዘጋ ክብ ለቀብር ነው” አለች፣ በሁለት እግር አቆመችው።
“ለሙሽራ በር ያስፈልጋል፤
ከበሩ ወዲያ ያለውን አላህ ያውቃል።”

የኢፍቱ ሠርግ ቅዳሜ። ነሲባ ሐረር ናት፣ እህቷ ወልዳ።
ሌሊት መብራት ሄዶ፣ ሲነጋ አንገቱን ደፍቷል ጽጌረዳ።
ፍሪጁ ዝም።
ሁለት መቶ አበባ፣ አንዱም ቀና አይልም።

ለማልቀስ ጊዜ የለም። ባጃጅ ጠርቼ ተነሳሁ፣
ከዚራን አጥር ባጥር፣ ደጅ በደጅ አንኳኳሁ፤
“ሙሽራ አለችብኝ፣ ቡገንቪል ስጡኝ!”
የአንዱ ግቢ ዘበኛ አሰበበት ሩብ ሰዓት ቆሞ፤
አንዷ እናት ግን መሰላል አወጣች፣ ጫፉ ላይ ወጣ ልጇ ቀድሞ።
የባጃጁ ልጅ ጃቢር “ሠርግ አይደል፣ ሒሳቡን ተይው” አለኝ፤
ኋላ ግን ሦስት እጥፍ ተቀበለኝ።

ቡገንቪል እሾኽ ነው፣ ከተቆረጠም አይቆይ፤
ያ ቀለሙ ቅጠል ነው አሉ፣ አበባ አይደል በወጉ ቢታይ።
በትልቅ ሳፋ ነከርኩት፣ ከነራሱ ከነእግሩ፤
ቀስ ብሎ ቀና አለ፣ ተመለሰ ወደ ክብሩ።
በፒንሳው እያጠማዘዝኩ፣ ጣቴ እየደማ፣ ሰዓቱ እየሮጠ፣
ቅስቱን አለበስኩት፤ አንድ ጎኑ ብቻ ትንሽ አበጠ።

ኢፍቱ በሥሩ ስታልፍ ቀና ብላ እንኳ አላየችም፤
እግሯን ነበር የምታየው፣ ቀሚሷን እንዳትረግጥ። አልተቀየምኳትም።
አንዲት ሐምራዊ ቅጠል ግን ትከሻዋ ላይ አረፈች፣
ኬኩ እስኪቆረስ ድረስ እዚያው ተቀመጠች።

ሌሊት አዳራሹ ሲጠረግ የተረፈ ሽቦ አነሳሁ፣
ከወለሉ ጽጌረዳ ለቅሜ፣ የክብ ነገር ሠራሁ፤
ለአባቴ። ጫፍና ጫፉ ሊገናኝ ሲል
ተውኩት።
ጣት የምታሾልክ ክፍተት፣ የበር ያህል።

ሰኞ ነሲባ መጣች። ፎቶውን ከስልኬ አየች፣
አንገቷን አዘመመች፣ ዓይኗን አጠበበች።
“ተጣሟል” አለች።
ከዚያ ፒንሳውን አንሥታ፣ አፍንጫዋ ሥር ይዛ፣
“ግራሶው ለቀቀው” አለች፤ “በአገዳ ውሃ ወዛ።
ቅዳሜ ሁለት ሠርግ አለ።
ባልዲውን እጠቢ።”