ሳድስ

ቱሉ ዲምቱ፣ አስፋልቱ ከሚያልቅበት፣
ባጃጆቹ ዞረው ከሚመለሱበት፣
ከብሎኬት ማምረቻው አጥር ጀርባ፣
አቧራው ሳያንኳኳ እየገባ
የሰው ማመልከቻ የምጽፍባት ሱቅ አለች።

ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ኪቦርድ።
ሌላኛው ሻይ ጠጥቶ ሞተ፤ ግብር በሚከፈልበት ሰሞን፣
ሰልፉ እስከ ውጭ ደርሶ፣ ሰው በሰው ላይ ሲሆን።
«ግዛ» ብንለው ጌትዬ፣ አሠሪያችን፣ ከመርካቶ
ክብሪት የምታህል ሳጥን ይዞ መጣ፣ ፊቱ በርቶ፤
«ይህቺ ታካፍላለች።»
ሁለት ጅራት፣ አንድ ቁልፍ። ስትጫኛት ወደ ግራ፣
ደግመሽ ስትጫኛት ወደ ቀኝ፣ አረንጓዴ እያበራ።
ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤
ይህ ተረት ግን ከሳጥኗ ጋር አልመጣም።

ማክሰኞ ረፋድ ኦቦ ሁንዴ ገቡ።
ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ደፉ፤
የቦቲያቸው ጭቃ ገና አልደረቀም።
«ጻፊ» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ እንደሚዘራ ሰው፣
አንድ ቃል በትነው፣ ዝም ብለው፣ ሌላ ጨምረው፦
«ሁንዴ። ገበሬ። መሬቴ ተለክቶ… ካሳ…»
ጣቴ ሮጠ። ቀና ስል ስክሪኑ ላይ፦

ህንድ። ግብር። ምርት ትልክት… ክስ…

ፊደሉ ሁሉ ሳድስ ሆኗል።

ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ገልብጬ በመዳፌ መታሁት፤
ፍርፋሪ ረገፈ፣ የስቴፕለር ሽቦ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጥፍር።
አማርኛውን አጥፍቼ አበራሁት። ያው ግብር።
ፕሪንተሩ ኃይል ይሻማ ይሆናል ብዬ አጠፋሁት። ያው ክስ።
ስልክ ጠጋኙ አንበርብር ከጎን ሱቅ ብቅ ብሎ
«አንድ አንዱን ነጥለሽ ጠይቂ» አለኝ፣ «እንደ ሌባ።»

ነጠልኩ። ኪቦርዱን በቀጥታ ሰካሁ። ገበሬ አለ፣ ገበሬ።
እሱ ንጹሕ ነው።
ወደ ሳጥኗ መለስኩት፤ ደግሞ ግብር።
አንበርብር ቁልፏን በጥፍሩ ነካ አደረጋት፤ ተንቀጠቀጠች።
ስፕሪንጓ ልሟል። በየምቱ ትዘላለች፣
አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ትወረውራለች።
ሁለተኛውን ስክሪን አበራነው፦

ኡ ኤ። ኧ ኧ ኤ። ኧ ኤ ኤ ኧ ኧ ኦ… አ አ…

አጥንቱ እኔ ጋ ቀርቶ፣ ትንፋሹ ማዶ ሄዷል፤
በግድግዳ የሚሰማ ለቅሶ ይመስላል።

ኦቦ ሁንዴ በመሠረተ ትምህርት የለዩትን ፊደል
በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ሳቁ።
«ሁንዴ በእኛ ቋንቋ ሥር ማለት ነው፤
አንቺ ህንድ ወስደሽ ተከልሽው!»
ጣታቸው ወረደ። ሳቁ ቆመ።
«ይሄኛው ግን… ገበሬ ብዬ ግብር፤ ልክ ነው፣ ከፍያለሁ።
መሬት ብዬ ምርት፤ ነበረ፤ ጤፍ፣ ምስር፣ ጓያ።
ካሳ ብዬ ክስ። ስሚ ልጄ፣
ይህቺ ሳጥን ወረዳ ሠርታ ታውቃለች?»

አንበርብር ሳቁን አፈነ። እኔ «ሕግ» ብዬ ሞከርኩ።
ሕግ ወጣ፤ ምንም አልጎደለበትም።
ሳድስ ሆኖ የተወለደ የሚነጠቀው የለውም።
«ምስክር» ደህና። «ስም» ደህና፤
የሰውየው ስም ነው የጠፋው።

ሳጥኗን ነቅለን መሳቢያ ውስጥ ወረወርናት።
ማመልከቻው ሙሉ ሆኖ ወጣ፤ ሁለት ገጽ፣
ከግርጌ ለማኅተም ባዶ ቦታ ተትቶለት።
«ያንንም አትሚልኝ» አሉ።
«የትኛውን?»
«የተበላሸውን። በየት በኩል እንደሚያነቡት አላውቅም።»

ማታ ስዘጋ ሁለተኛው ኮምፒውተር ጠየቀኝ፦ ይቀመጥ?
አዎ።
ስም ስጪው አለ።
ኪቦርዱን ነቅዬ እዚያኛው ጀርባ ሰካሁ።
ውጭ የመጨረሻው ባጃጅ «ቃሊቲ! ቃሊቲ!» ይላል።
ጻፍኩ፣ በየፊደሉ ቀና እያልኩ፦
ሁ
ን
ዴ