የገመዱ ሌላው ጫፍ

እኔ ገመድ ያዥ ነኝ። ሌላ ሙያ የለኝም።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚህ ጫፍ አልጠፋሁም።
በዚህኛው ካስማ እኔ፣ በዚያኛው አስካለ፣
መሐላችን አንድ ሜትር ረግረግ፤ የሚቆጠር ስንት ነገር አለ!

ጨለለቃ ስንወርድ፣ በሰባ ሰባት መስከረም፣
«ጫማህን አውልቅ» አለችኝ፤ «ረግረግ በጫማ አይታወቅም።»
ሐዋሳ ሳቀችብን። ዓሣ የሚገፉት ሴቶች «ምን ጠፍቷት ነው?» አሉ፣
«የተማረች ሴት ሣር ትቆጥራለች እንዴ፣ በጎቹ እያሉ?»

እሷ ግን ትቆጥራለች። «ፊላ፣ አሥራ አራት። ደንገል፣ ሦስት ግንድ።
ቄጠማ፣ ብዙ፤ በእፍኝ ይለካ። ይሄ የማላውቀው… ቆይ፣ አንድ።»
የማታውቀውን ስታገኝ ድምጿ ይቀንሳል፣
በተኛ ሕፃን አጠገብ እንደሚያልፍ ሰው፣ እጇ ይለሰልሳል።

ከይርጋለም በላይ ነው የተወለደችው። እናቷ እንሰቱን
በቅጠሉ ጅማት ቀለም ትለያለች፣ አሥራ ዘጠኙን ዓይነቱን።
«ፊደል ሳልቆጥር እንሰት ቆጠርኩ» ትላለች፤ «ላቲኑ ኋላ መጣ፣
እንደ አማች፣ በክብር ተቀምጦ፣ ጓዳውን ሳያውቅ የሚጠጣ።»

ናርዶስን ወልዳ በአርባኛ ቀኗ፣ አበባ ቀን አይጠብቅማ፣
ሕፃኗን ከሾላ ሥር አስተኛች፣ መላጣ አባ ኮዳ ዘበኛ ሾማ።

የጀልባ በጀት ጠየቀች። ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ፣
«ለአበባ ለቀማ ጀልባ?» የሚል በቀይ ተጽፎበት ቀረ።
በሰው ታንኳ ገባን። ጉማሬ ከሥራችን ተነፈሰ፤
እኔ ጸሎቴን ስጀምር የእሷ እርሳስ መስመሩን ጨረሰ።

ቅጠሉን በጋዜጣ ታጥፈዋለች፣ በድንጋይ ትጫነዋለች፤
ስሙን፣ ቦታውን፣ ቀኑን። ከዚያ የእኔን ስም ትጽፋለች።
«ሰብሳቢ፦ አ. ላሊሞ እና ሎ. ጩፋሞ።» ቀበሌ ሁለቴ ያበላሸው
ስሜ እዚያ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ከደረቀ ቅጠል ሥር፣ ማንም ሳይሰርዘው።

ጨለለቃ ግን ጠበበ። መጀመሪያ ውኃው ጉልበቴ ድረስ፣
ኋላ ቁርጭምጭሚቴ፣ ኋላ አቧራ፣ ኋላ ጥንድ በሬ ሲያርስ።
ካስማውን በበቆሎ መሐል ተከልን። ገመዱን ዘረጋን። «ፊላ?»
«የለም» አልኳት። «ደንገል?» «የለም።» «ቄጠማ?» «የለም።» «ሌላ?»
ዝም አልኩ። ዜሮ ጻፈች፤ ክቧን አጥብቃ፣ ሳትቸኩል፤
«ዜሮም ቁጥር ነው» አለች። «የሚዋሸው ባዶ ቦታው ነው፣ ሳይጻፍ ሲዘለል።»
ያን ቀን ብቻ ነው ጫፏን ሳትነግረኝ የለቀቀችው።
ሲባጎው ተወርውሮ መጣ፤ ጣቴን ለበለበው።

ጡረታ ስትወጣ ኬክ ቆረሱላት፣ የግድግዳ ሰዓት ሰጧት፤
ቁምሳጥኖቿን ኮሪደር አወጡ፣ ጣሪያው የሚያፈስበት።
እኔ ማታ ማታ ላስቲክ አለበስኳቸው። አንዱን ከፈትኩ፤ ዜናው ደብዝዞ፣
ዓረፍተ ነገሩ መሐል ፊላው ተኝቷል፣ ቅርጹን ይዞ።
በዚያ ገጽ የተመሰገኑት ጓዶች ማን እንደነበሩ ጠፋኝ፤
ቅጠሉ ግን እንዳለ ነው። ጨለለቃ ሸተተኝ።

አሁን ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። በባጃጅ ትመጣለች፤
ካስማው ጋ ተቀምጣ «ዘርጋ» ትላለች፤ ጫፉን በመዳፏ ትይዛለች።
ዘንድሮ ክረምቱ ከበደ። በበቆሎው መስመር ውኃ ተኝቷል፤
ጎንበስ አልኩ። አንድ ቅጠል፣ እንደ ጎራዴ ስለት፣ ቀጥ ብሏል።

«ፊላ» አልኩ። ድምፄ ሳላስበው ቀነሰ።
«ስንት?»
«አንድ። ባለማሳው ነገ ይነቅለዋል።»
«እኛ የምንቆጥረው ዛሬ ነው» አለች፤
ጎንበስ ብላ፣ በዳበሳ፣
ጫማዋን አወለቀች።