ጉም ሲታለብ

ከሊማ ጫፍ ወዲያ፣ አሸዋ ኮረብታ ላይ፣
ዝናብ ስሙን እንጂ መልኩን የማናይ፣
መቶ አሥራ ሁለት ቤት፣ ጣውላና ቆርቆሮ፣
በደረጃ ብቻ የሚደረስ ኑሮ።
እኔ ገንዘብ ያዥ ነኝ፤ ሴኖቢያ ይሉኛል፤
መዋጮ ስጠይቅ ሰው ሁሉ ይሸሸኛል።

ውሃ በቦቴ ነው፤ ሮሙሎ የሚባል
ጥሩንባውን ነፍቶ ከታች ይጠብቃል።
ታች ያሉ ባለሣር፣ ባለቧንቧ ጌቶች
ከሚከፍሉት ዐሥር እጥፍ የኛ እናቶች
ለዛገች በርሜላቸው ፈተው ከመቀነት
ሶል ይቆጥራሉ፣ በየሦስተኛው ዕለት።

ጉሙ ግን በነጻ ነው።
በብርዱ ወራት ከባሕር ይነሣል፣
ደረጃውን ቆጥሮ ደጅ ድረስ ይመጣል፣
ፍራሹን ያርሳል፣ ደረትን ያፍናል፣
ያሰጣነው ልብስ ላይ ሳምንት ይከርማል።
ስንረግመው ኖረናል።

ዶን ኤሌውቴሪዮ፣ የድሮ ዓሣ አጥማጅ፣
ስብሰባው ሊበተን ሲል አነሣና እጅ፣
«መረብ እንስቀል» አለ፣ «ከላይ፣ ከገመገሙ፤
ዓሣው ሄዷል እንጂ አልሄደም ጉሙ።»
ሳቅን። እኔ ደግሞ ከሳቁም አልፌ
ደብተሬን ዘጋሁት በሁለት እጄ አቅፌ፤
«ጉም አይዘገንም» አልኩ፣ «ተረቱ አልደረሰህም?
የቀብራችንን ሣንቲም ለወንፊት አልሰጥህም።»

አልተከራከረኝም። ከወደብ ሄደና
የተጣለ መረብ ለምኖ አመጣና
ከልጁ ልጅ ጋራ፣ ከኔሊዳ ጋራ፣
ሁለት አጠና ተክሎ ወጠረው ከተራራ።
ዓይኑ ሰፊ ነበር፤ ጉም ሰተት ብሎ አለፈ፤
በሦስተኛው ሌሊት ንፋስ ገንጥሎ ገደል አራገፈ።
«አላልኩም?» አልኩኝ።
ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ያሳፍረኛል።

ኔሊዳ ናት ያየች፤ ማለዳ፣ ቁልቋሉ ላይ፣
ሸረሪት ያደራችው፣ ሌላ ቀን የማይታይ፣
ያቺ ቀጭን ድር በጠብታ ጎብጣ፣
እንደ ነፍሰ ጡር ሴት ከብዳ ተቀምጣ።
«አያቴ» አለች ሮጣ፣ «ዓይኑ ይጥበብ፣ ዓይኑ!»

ከዚያ ደቦ ሆነ። እሑድ በጠዋቱ
አማች ከነምራቱ፣ ሕፃን ከነእናቱ፣
አጠና በትከሻ፣ ጠጠር በማዳበሪያ፣
ላብና ቀልድ ሆነ የአቀበቱ መውጫ።
ልብስ ሰፊያችን፣ ዶኛ ሳቱርኒና፣
የችግኝ ጥላ መረብ ደርባ ሰፋችና
ጫፉን በጥርሷ ቆርጣ «በሉ ስቀሉት» አለች።
እኔም፣ ማን ያምነኛል፣ ከቀብሩ ሣጥን ላይ
አርባ ሶል አወጣሁ፤ ጻፍኩ፦ «ብድር፤ ይታይ።»

ሌሊቱን ማን ተኛ?
መጀመሪያ ዝምታ። ከዚያ ከቱቦው ጫፍ
ጠብ።
ረጅም ጊዜ ምንም።
ጠብ። ጠብ።
ሽማግሌው ጆሮውን ከሮቶው ለጥፎ
ትንፋሹን ይዞ ቆመ፣ ባርኔጣውን ገፎ።
ሲነጋ ለካሁት በገዛ ጀሪካኔ፦
ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሊትር! እኔ! በዓይኔ!

አሁን ሃያ መረብ አለን። ይቀደዳል።
በወር አንድ እሑድ መርፌ ይዘን እንወጣለን።
ውሃው አይጠጣም፣ አቧራ አለበት፤
ሽንኩርትና ሰላጣው ግን ጠግበው ያድሩበት፤
ታራ የሚሉት እሾሃም ዛፍም አለ፤
ገና ጉልበት ሳይደርስ፣ በቅጠሉ ብቻ
ጉም ማጥመድ ጀምሯል፣ ያለ መርፌ፣ ያለ ዘመቻ።

ሮሙሎ ዛሬም ይመጣል፤ ጥሩንባው ያው ነው።
ግን መኪናውን አቁሞ፣ እያለከለከ
ስምንት መቶ ደረጃ ወጥቶ ሰላጣ ይገዛል፤
ዋጋም ይከራከራል! እኔም አልቀንስለትም።

ዶን ኤሌውቴሪዮ ባለፈው በጋ አረፈ፣
ጉሙ በሌለበት፣ ፀሐይ በከረረበት ወር።
ሣጥኑን የገዛነው ከዚያው ከቀብር ገንዘብ ነው፤
አርባው ሶል ተመልሶ ገብቶ ነበር።

ትናንት ማታ ሒሳብ ስዘጋ፦
መዋጮ፣ ሰባ ሁለት። ሰላጣ፣ ሠላሳ።
ከሥሩ አንድ መስመር ክፍት ተውኩኝና፣
ብዕሬን ነክሼ ብዙ ቆየሁና፣
ከገቢው ዓምድ በታች «ጉም» ብዬ ጻፍኩኝ።
በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።
ቀለሙ ትንሽ ራሰ።