የካሌንደሩ ድልድይ

በደሌ፣ መዝገብ ቤት፣ ከፋይሉ በላይ
ዓመቱ ያለፈበት ካሌንደር አለ፣ ከበሩ የሚታይ፤
መድን ድርጅት ሰጥቶን፣ ማንም ያላወረደው፣
ነሐሴ ላይ ቆሞ ጊዜ የካደው።
ሥዕሉ ድልድይ ነው፣ ድንጋይ በድንጋይ ተደግፎ፣
ከሥሩ አረንጓዴ ወንዝ፣ ከተማውን አቅፎ፤
ባንዲራ፣ ጀልባ፣ ጡሩምባ ነፊ፣ ዳር ዳሩን ሰው ተሰልፎ።
«አገሩ የት ነው?» ብል
አለቃዬ «አውሮፓ» አለኝ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።
አሥራ አንድ ዓመት ያን ድልድይ ተሻገርኩ
ማኅተም እየመታሁ።

ዘንድሮ ለጥምቀት ሦስት ቀን ፈቃድ ሞላሁ።
«ወዴት?» ሲሉኝ፣ «ወንዝ ያለበት ከተማ» አልኩ፤
ጅማ ወረድኩ።

ባጃጁ ነዚፍ ይባላል፣ ሰውየውን ማለቴ ነው፤
መሪው ላይ የፕላስቲክ ጽጌረዳ አስሮ
«እትዬ፣ ምን ላሳይሽ?» አለኝ በመስታወቱ አጮልቆ።
«የሚታየውን ሁሉ።»
«እሱማ ብዙ ነው» አለና ለቤንዚን ተሰለፈ፤
የመጀመሪያው የሚታይ ያ ሰልፍ ሆነ፣ አንድ ሰዓት አለፈ።

ከዚያ ወደ ጅሬን፣ ሽቅብ፣ ባጃጁ እያሳለ፣
«ወርጄ ልግፋ?» ስለው «ኧረ ነውር!» እያለ።
ቤተ መንግሥቱ ተቆልፏል፤
ቁልፉ ከአባ ዱራ ኪስ፣ አባ ዱራ ከመስጊድ፣
ሶላት ደግሞ አይቸኮል።
በእንጨቱ ፍርግርግ አጮልቄ ግማሹን አየሁ፦
የተጠረበ ምሰሶ፣ ደረጃ ላይ የተኛች ድመት።
«ከውስጥስ ምን አለ?»
«እንጃ፣ እኔም ገብቼ አላውቅም» አለ ነዚፍ፣
«እዚህ ተወልጄ፣ ነገ ነገ ስል።»
አባ ዱራ መጣ፣ ሰዓቱን አየ፣ ትኬት ቆረጠልን፤
«ዛሬስ አልቋል፤ ለነገ ያገለግላል» አለን።

አዌቱን ሦስቴ ተሻገርን፣ ሳላውቀው።
በአራተኛው «ወንዙስ?» አልኩት።
«ይኸው።»
ቡናማ፣ ቀጭን፣ ላስቲክና የሙዝ ልጣጭ ያዘለ፤
ከነሐሴዬ ወንዝ ጎን ቢቆም
ልጁ አይባል፣ የልጅ ልጁ።
አዘንኩ። ለእሱ ይሁን ለራሴ አልለየሁም።

በከተራው ዕለት መንገዱ ተዘጋ፤
ነዚፍ ሞተሩን አጠፋ።
ጨርቅ ሻጯ ወይዘሮ ዘሃራ
ከሱቋ ጀሪካን አውጥታ መንገዱ ላይ ውሃ ትረጫለች።
«ለታቦቱ ነው?» አልኳት።
«ለአቧራው ነው» አለች፣
ቀና ብላም ሳታየኝ፣ ሁለተኛውን ጀሪካን ከፈተች።
ከበሮው ቀረበ። ልጆች የድልድዩ ብረት ላይ ተንጠለጠሉ፤
ባለወርቁ ጥላ ሲያልፍ ያ ቡናማ ውሃ ተቀበለው፣
ሰባበረው፣
መልሶ ገጠመው።
ነዚፍ «አየሽ?» አለኝ፣ እሱ የሠራው ይመስል።

ሰኞ ቢሮ ገባሁ። «ወንዙ እንዴት ነው?» አለ አለቃዬ።
«ቀጭን ነው» አልኩት።
ትኬቱን በነሐሴ ላይ ለጠፍኩት፣
የድልድዩን አንድ ቅስት ብቻ ሸፈነ።
ከሥሩ በአባ ዱራ እጅ የተጻፈው ይነበባል፦
ለነገ።