ደ ወይስ ዳ

ሐይፋ፣ ሀዳር ሰፈር፣ ከድንጋዩ ደረጃ ሥር፣
አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች፣ የአሮጌ ቴምብር መንደር።
ማክሰኞና ኀሙስ ወለሏን ልወለውል እመጣለሁ፤
ዞልታን "ጠረጴዛውን አትንኪ" ይለኛል። አልነካም። አያለሁ።

ሰማንያ ሦስት ዓመቱ፣ ከሀንጋሪ በመርከብ የመጣ፤
እጁ ገና አይንቀጠቀጥም፣ ዓይኑ ነው ቀድሞት የወጣ።
ጥቁር ሳህን ላይ ቤንዚን ጠብ፣
ቴምብሩን በወረንጦ ገልበጥ፣ እንደ ጨቅላ ልጅ አጠብ አጠብ።
ከዚያ መብራቱን ያጎነብሰዋል፣ ከላይ ሳይሆን ከጎኑ፤
ብርሃን ተኝቶ ሲመጣ ነው የሚገለጥ ሽፍኑ።
"ቀለም ይሄዳል" ይለኛል፣ "ዝናብ ያጥበዋል፣ ፀሐይ ይልሰዋል፣
መዶሻው የረገጠበት ዳና ግን ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል፤
እሱን ነው የምንፈልገው።"

ሙሉ ማኅተም የለም መቼም። ክቡ ተከፍሎ ነው የሚያርፈው፣
ሲሶው ቴምብሩ ላይ፣ የቀረው ፖስታው ላይ፤ ፖስታውን ማን አተረፈው?
አንዷ ቀዳ ጣለችው፣ አንዱ ምድጃ ለኮሰበት፣
ከከተማው ስም ጅራቱ፣ ከቀኑ አንዲት ስምንት ቀረችበት።
እሱ ግን ከጅራት ተነሥቶ በሬውን ይስላል፦
"ይኼ የሎድ ባቡር ጣቢያ፣ ይኼኛው ጃፋ" ይላል፣
"ይኼ ደግሞ አገሪቱ ስም ሳይወጣላት የታተመ ነው፤
ሰው ስም እስኪወጣ አይጠብቅም፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሰው ነው።"

ዛሬ ኀሙስ፣ ባልዲዬን ሳስቀምጥ ጠራኝ፦
"ትርንጎ፣ ነይ፣ ይኼ የናንተ ፊደል ነው፣ እኔን አሳወረኝ።"
ባለ ዐሥር ሳንቲም፣ ሰማያዊ፣ ጥርሷ የተሸረፈ ጥግ ላይ
"ር" ትታያለች ደኅና አድርጋ፤ ከፊቷ ግን ጥላ ብቻ ነው የሚታይ።
ደ ከሆነ ጎንደር ነው፤ "ሞልቶኛል፣ ከሦስት ሼቄል አይበልጥም"፤
ዳ ከሆነ ባሕር ዳር፤ የሬሆቮቱ ጥርስ ሐኪም ዓመት ጠብቆታል፣ በዋጋ አይቆጣም።

ልዩነቱ አንዲት እግር ናት፤ የቀኙ ይረዝማል ወይስ እኩል ነው?
ይህን የተማርኩት ከደሴ ከዘመተች ልጅ፣ ማታ ማታ በፋኖስ ነው፣
በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ እየነደፈች፦
"ደ ቆሟል፣ ዳ ግን ሊሄድ ነው፤ አንድ እግሩን ሰዷል፣ እዩት" እያለች።

እኛም ኋላ እግራችንን ሰደድን፣ በሱዳን በኩል፣ በሌሊት፤
ሎድ ስንደርስ ጸሐፊው "የልደት ቀን?" አለ፤ ማን ያውቃት?
የፈረንጅ ጥር አንድ ብሎ መታልኝ፣ እንዲሁ መታ ለሁላችን፤
ጎረቤቴም፣ አማቴም፣ ባንድ ቀን ተወለድን፣ ተሰልፈን።
ያ ማኅተም ደማቅ ነው። አይደበዝዝም።

መነጽሩን ተቀበልሁት። መብራቱን በጎን አስተኛሁ።
ትንፋሼን ዋጥሁ። ቆየሁ።
ከፊደሉ እግር ሥር አንዲት ጭረት፣ ፀጉር ታህል፣ ወደ ታች የወረደች፤
ቀለም ናት? የወረቀቱ ክር ናት? በወረንጦው ጫፍ ብነካት አልተነሣች።
ሽማግሌው አጠገቤ ዝም አለ፤ የግድግዳው ሰዓት ቆጠረ።
ዳ ብለው ደስ እንደሚለው አውቃለሁ። ስለማውቅም ይሆናል፣ "ደ" አልኩት።
"እርግጠኛ ነሽ?"
"ደ ነው።" እንግዲህ ጎንደር ሆኖ ቀረ።

በእርሳስ መዝገቡ ላይ አሰፈረው፤ "በናንተም ፊደል ጻፊበት" አለኝ፤ ጻፍሁ።
ሦስት ሼቄል ዋጋ ለጠፈና ካርቶን ውስጥ ጣለው፤ እኔም ባልዲዬን አነሣሁ።

አሁን አውቶቡስ ላይ ነኝ፣ ቁልቁል ወደ ባሕሩ፤ ጣቶቼ ቤንዚን ይሸታሉ።
ጀምበር በጎን ስትገባ መስኮቱ ላይ የሰው እጆች ሁሉ ይታያሉ።
ያቺ ጭረት ትመጣብኛለች።
ክር ብትሆን ኖሮ እኮ በወረንጦው ትነሣ ነበር።
እስከ ማክሰኞ ማንም ባይገዛው።