ያው ቀጋ

ጆንያው ሙሉ መጣ፣ ቀይ ቀዩ ተለቅሞ፣
ከሱሉልታ ጋራ ጥግ፣ ከእሾህ ታግሎ፣ ከቀያሹ ቀድሞ።
ዲንቄ ትሰነጥቀዋለች፤ ፍሬው ጠጉር በሆዱ ያሳደረ፣
አንገቱን የነካው ሁሉ እያከከ ያደረ።
ልጣጩ ለሻይ ይደርቃል፣ ሸራ ላይ ተዘርግቶ፤
ዘሩ መጭመቂያ ይጠብቃል፣ መብራት እስኪመጣ ሰንብቶ።

መብራቱ ሌሊት ነው፤ ስምንት ሰዓት፣ ውሻ ሲጮህ፤
ነጠላ ጫማ ስንፈልግ፣ ሞተሩ ጀምሯል፦ እህ… እህ…

አንድ ጆንያ ቀጋ
ለአንዲት አውራ ጣት ጠርሙስ! ይሄ ነው ዋጋ?
ጠብታው ቀስ ይላል፣ እንደ ቀበሌ ጉዳይ፤
ቀይ ዳማ ነው፣ አምፖል ፊት ቢይዙት ጣት የሚያሳይ።

ነጋዴው ከመርካቶ መጣ፤ «ጻፉበት» አለ፣ «ስኳር ያወርዳል፣
ግፊት ይቀንሳል፣ በማር ቢጠጡት መካን ያስወልዳል!»
ዲንቄ ክንዷን ገልጣ፣ ጭረቱን፣ የጠገገውን አሳየች፤
«የወጋኝ ያው ቀጋ፣ ያሸኝም ያው ቀጋ።
ያየሁት ይሄን ነው፤ ይሄን ብቻ ጻፍ» አለች።
ሳይገዛ ሄደ።

ጋራው ላይ ችካል ቆሟል፤ በኖራ ተሰምሯል፤
ለከርሞ ማን ይለቅማል?
እኔ ትናንት ሌሊት፣ አንድ ጣሳ ዘር ከመጭመቂያው አፍ ሰረቅሁ፤
ለዲንቄም አልነገርኳት፣
ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር ደበቅሁ።