ሳይረግጥ የታሰረ

የኢፖሊቴ ጆሮ ማዕድን ቤት ነው የቀረው፤
ሃያ ዓመት ከመሬት ሥር መሰርሰሪያ ነው የበላው።
አሁን ጆሮው እኔ ነኝ፤
ለመስማት ነው የቀጠረኝ።

ጭያቱራ ገደል ናት፣ ከተማዋ ተንጠልጥላ፣
ከሥሯ ጠቁሮ ይወርዳል ማንጋኒዝ የታጠበበት ቅቪሪላ።
መንገዷን ነቃቅሎታል ካሚዮኑ ጭኖ ሲያጓራ፤
አንድ ጉድጓድ ሲደፈን ሁለት ይከፈታል በተራ፤
ለከተማው መርገም ነው፣ ለኛ ጋራዥ ግን እንጀራ።

ሐሙስ ዕለት ናርጊዛ መጣች፣ በእናቷ ዘመን ላዳ፣
የኋላ ወንበሩን እንቁላል ሞልታ፣ ሠፈር ለሠፈር የምትነዳ።
ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል ስለ እንቁላል፤
የናርጊዛው መች ታድሎ፣ በላዳ ይንገላታል።
«ትናንት አሥራ አንድ ተሰበረ» አለች፣
ጣቷን እየቆጠረች።
«ድልድዩን ስወርድ፣ ከግራ ጎማ ሥር፣ ሰው ያንኳኳል፤
ቋ... ቋ ቋ...
እንደ አበዳሪ።»

አብሬያት ተሳፈርኩ። ድልድዩን ወረድን። ሰማሁት።
ሰማሁትና አወቅሁት።
ሰው የራሱን ሳል በጨለማ እንደሚለይ፣
የገዛ እጄ ነበር የሚያንኳኳው፣ ብረቱ ላይ።

ባለፈው ጥር፣ ብርዱ ጣት ሲቆርጥ፣ ኢፖሊቴ ታሞ ተኝቶ፣
የታችኛውን ክንድ ጎሚኒ ቀይሬ ነበር፣ ቀልቤ ከምሳ ገብቶ፤
መኪናዋ በክሪክ ተሰቅላ፣ እግሯ አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣
ዳዶውን እስከ መጨረሻ አጠበቅሁት፣ ልቤ ቸኩሎ።

«እህስ፣ ጎቻ?» አለኝ አለቃዬ፣ ዓይኑን ከንፈሬ ላይ ተክሎ።
«አሞርዛቶር ይመስለኛል።»
ጆሮ ለሌለው የዋሹት፣ ለዋሺው ራሱ ይጎላል።

አልተቸኮለም። አፍንጫዋን በደረቱ ተጭኖ ለቀቀው፤
አንዴ ወጥታ ጸጥ አለች፤ አሞርዛቶሩን ማረው።
ክሪክ አስገባ። ጎማውን ግራና ቀኝ ወዘወዘ፤ ቴስቲኒው ዝም።
ላይና ታች ይዞ ገፋ፣ ሳበ፤ ባልጆይንቱም ኩሽኔታውም ንቅንቅ አይልም።
የስታብሌዘሩን ላስቲክ ዳበሰ፣ ጥርስ እንዳላወጣ ድድ።
እኔ ፋኖስ ይዤ፣ ተጠርጣሪው ሁሉ ነጻ ሲወጣ አያለሁ፤
ወረፋው ወደ እኔ ሲያጥር እቆጥራለሁ።

ከዚያ ፌሮውን በክንዱና በቡሎኑ መሀል ሰክቶ፣
ቀኝ መዳፉን ብረቱ ላይ፣ ሆድ እንደሚነካ ሐኪም ዘርግቶ፣
በግራው ፈነቀለ።
ቋ።
እኔ ሰማሁ። ለእሱ መዳፉ ነገረው።

ጎሚኒው ተቀዷል፤ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተጠምዝዟል።
አየር ላይ የታሰረ ላስቲክ፣ እግሩ መሬት ሲረግጥ ይቀደዳል፤
በየጉድጓዱ፣ በየመታጠፊያው፣ ያንን የጥር ቀን ይታገላል።

ቀና ብሎ አየኝ።
«እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፅ አልጨመርኩበትም፤
ለእሱ ከንፈር ይበቃል። ናርጊዛ አልሰማችም።

መልስ አልሰጠኝም። አዲስ ጎሚኒ ካርቶን ቀዶ አመጣ፤
አሮጌውን በመዶሻና በእርግማን አስወጣ።
ቡሎኑን አሳለፈ፣ ዳዶውን በጣቱ ብቻ አዞረው።
ኪያቬ ሳቀብለው አልተቀበለኝም፤ መሬት አስቀመጠው።
ክሪኩን አወረደ። መኪናዋ ተነፈሰች።
ናርጊዛ፣ ግራ ገብቷት፣ በትእዛዙ መሪው ጋ ተቀመጠች።
ከዚያ ኪያቬውን ከመሬት አንስቶ፣ በእጄ አስጨብጦ፣
የጋራዡን ጉድጓድ አሳየኝ፣ አገጩን ወደ ታች ቀስሮ።
«አሁን እሰር» አለኝ፣
«ሸክሟን ይዛ ስትቆም።»

አሰርኩ። ከላዬ ናርጊዛ ወንበሯን ስታስጠጋ፣
ክብደቷ በብረቱ አልፎ መጣ፣ እስከ ክርኔ ተጠጋ።

ሒሳቡን ከደመወዜ ቆረጠ።
እንቁላሉንም ጭምር። አሥራ አንድ።

ድልድዩን ሦስታችንም አብረን ወረድን።
«ሰማህ?» አለኝ።
«ምንም የለም» አልኩት፤ እውነቴን ነበር።
መዳፉን ግን ከዳሽቦርዱ አላነሳም፣
ከወንዙ ማዶ እስክንደርስ።